ክቡር ተደራዳሪያችን ኢንጂነር ሂርጳ

በየመሥሪያ ቤቱ ሦስት ነገር አይጠፋም፤ ወረቀት የሚያኝክ ማተሚያ፣ ቁልፉ የጠፋ መሳቢያ፣ እና «መጀመሪያ እንስማማ» የሚል ሰው። ማተሚያው ይጠገናል። መሳቢያው በመዶሻ ይከፈታል። ለሦስተኛው ግን እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም።

እናንተም ታውቁታላችሁ። «ሻይ እንጠጣ?» ስትሉት «እየጠጣን ስለ ምንድነው የምናወራው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ እሱ ነው። ስብሰባ ተጠርቶ ሰው ሁሉ ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት ሲቁነጠነጥ፣ እጁን አውጥቶ «አጀንዳ ስንል ምን ማለታችን ነው?» የሚለውም እሱ ነው። ሰላም ስትሉት እንኳ የሰላምታውን ወሰን ሳያጣራ እጁን አይሰጣችሁም።

እኔ በምሠራባት አምቦ ከተማ ባለች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ኢንጂነር ሂርጳ ናቸው። በአካል ስንገናኝ «አንተ» ነው የምላቸው፤ የአንድ ዘመን ሰዎች ነን። በጽሑፍ ግን ያለ ማዕረግ ልጠራቸው አልደፍርም። የኮምፒዩተሩም፣ የማሰራጫውም፣ የኬብሉም፣ ሲብስም የሻይ ማፍያው ኃላፊ እሳቸው ናቸው። ደግሞ ስማቸውን ያለ ማዕረግ ብጽፍ «ማዕረጉን ለመተው መቼ ተስማማን?» ብለው ወንበሬ ድረስ መምጣታቸው አይቀርም።

ምሳ አብሬያቸው የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው። አስተናጋጇ ስትመጣ እኔ ሽሮ ብዬ ተገላገልኩ። ክቡርነታቸው ጥብስ አዘዙ።

«ደረቅ ይሁን ለስለስ ያለ?» አለቻቸው።

«ደረቅ ስትዪ፣ በእናንተ ቤት ምን ያህል ደረቅ ነው?»

«ያው… ደረቅ ነዋ።»

«አይ፣ እዚህ ጋ መስማማት አለብን። አንዳንድ ቤት ደረቅ ተብሎ መረቅ ይንሳፈፍበታል። አንዳንዱ ቤት ጥርስ ያነቃንቃል። የእናንተው ወደየትኛው ይጠጋል?»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ማድ ቤት ሄደች። ወጥ ሠሪዋ ራሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሽሮዬን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ የሥጋውን ጉዳይ ጨርሰው ስለ ቃሪያው እየተነጋገሩ ነበር። በመጨረሻ ሲስማሙ ጥብሱ ለሌላ ሰው ተሽጦ አልቋል። ክቡርነታቸው ሽሮ በሉ፤ ቅር ግን አላላቸውም። «ቢያንስ ተግባብተናል» አሉኝ አፋቸውን እየጠረጉ።

ሌላ ቀን ለቀረጻ ወደ ጉደር ልንሄድ መናኸሪያ ሄድን። ሹፌሩ «ጉደር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ። ክቡርነታቸው አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርገው «አንድ ሰው ስትል፣ እኔ ከገባሁ በኋላ ነው ወይስ እኔ ነኝ አንዱ?» ብለው ጠየቁ። ሹፌሩ የሰጣቸው መልስ እዚህ አይጻፍም። መኪናው ሲነሣ በኋላ መስኮት ዞሬ አየሁ፤ ክቡርነታቸው ጣታቸውን ቀስረው ለጭሱ ሁለተኛውን ነጥብ እያብራሩለት ነበር።

ሰንበት በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌው «እንጸልይ» ሲሉ «በአጭሩ ነው ወይስ ቁጭ ብለን?» ብለው ጠይቀዋል ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት አላየሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው «እንጸልይ» ማለት ትተው በቀጥታ «አባት ሆይ» ብለው እንደሚጀምሩ ከአንድ በላይ ሰው ነግሮኛል።

ሲያወሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ረጅም ነገር ሲያስረዱ ድንገት ቆም ይሉና ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ አድርገው «ምልክት!» ይላሉ። እስከዚህ ያለውን ባትሰሙ እንኳ ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር ስለሚጀምር ከዚህ ተቀላቀሉ ማለታቸው ነው። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ዓለሚቱ በዚህ ተጠቅመው በስብሰባ ላይ ሸለብ ማድረግ ለምደዋል። «ምልክት!» ሲባል ዓይናቸውን ገልጠው «ትክክል ነው» ይሉና መልሰው ይጨፍናሉ።

ይህን ልማድ ከየት እንዳመጡት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ደስ አላቸው። የሚጠይቃቸው ሰው ብዙ አይደለም።

«ለንሳ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመጪ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሉኝ።

«ይወስደኛል።»

«ስትነቂ የት እንደደረስሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«በመስኮት አያለሁ። ጊንጪ የሚል ታፔላ ካየሁ ጊንጪ ነኝ።»

«ታፔላ ባይኖርስ? ሜዳው ሁሉ ጤፍ ብቻ ቢሆንስ?»

«ጎኔ ያለውን ሰው እጠይቃለሁ።»

«እሱም ተኝቷል!» አሉ በድል አድራጊነት።

ማሽኖችም እንዲሁ ናቸው አሉኝ። መረጃ የሚያከማች ማሽን ከሌላ ማሽን ጋር በመስመር ሲገናኝ፣ የሚላከው ነገር እንደ ሁሉቃ ወንዝ ሳይቆራረጥ ይፈሳል። ተቀባዩ በመሐል አንድ ነገር ካመለጠው አንዱ መልእክት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ይጠፋበታል። ስለዚህ ላኪው በየተወሰነ ርቀት «የሚቀጥለው መልእክት ከዚህ ይጀምራል» የሚል ምልክት ጣል ያደርግለት ነበር። ምልክት ይኑር አይኑር፣ ካለስ በየምን ያህሉ ይሁን የሚለውን ግን ሁለቱ ማሽኖች ገና ሰላምታ ሲለዋወጡ መደራደር አለባቸው። ሳይስማሙ አንዲት ቃል አያልፍም።

ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ሰው ሁሉ እየሸሻቸው ኖረው፣ ርቆ የሚኖር ዘመድ እንዳላቸው በእርጅና የሰሙ ይመስል ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ግንቦት የደረሰብንን ልንገራችሁ።

ጣቢያችን ሲከፈት ጀምሮ የነበረው በአቶ ሥዩም ቤት ነው። አቶ ሥዩም ከድሮ ጀምሮ አምቦ የኖረ ቤተሰብ ልጅ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ በሕይወታቸው ሙሉ ለማንም «አይሆንም» ብለው አያውቁም። «እናያለን» ነው የሚሉት። ቤቱን አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ ስለነበር እኛም ከላይኛው ሰፈር ቢሮ አግኝተን ዕቃችንን በጋሪ አጓጓዝን። ጠረጴዛው ሄደ፣ ማይክራፎኑ ሄደ፣ ያ ወረቀት የሚያኝከው ማተሚያም ሄደ። ያልሄደው አሮጌው የድምፅ ማከማቻ ማሽን ብቻ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ሽማግሌው» ነው የሚለው።

በሽማግሌው ውስጥ ጣቢያችን ባለፉት ዓመታት የቀዳው ድምፅ ሁሉ አለ። የወንጪ ጀልባ ቀዛፊዎች አሉ። የእንጭኒ ገበያ ነጋዴዎች አሉ። ከተማችን ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ጊዜ ፖስታ ያመላለሱ ሽማግሌዎች፣ በለቅሶ ቤት ሰው የሚያስለቅሱ፣ በሠርግ ቤት ደግሞ በስድብ ግጥም ሰው የሚያስቁ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም። ድምፃቸውም ሌላ ቦታ የለም።

«ነቅለን እንውሰደው» ብለን ነበር። ክቡርነታቸው አልፈቀዱም። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሽማግሌው ሲዘጋ፣ መልሶ እስኪነሣ ድረስ ጾም ይዘው ነበር። ሌላ ጊዜ ከጠፋ አይነሣም። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ አዲሱን ማሽን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በኬብል አገናኝቶ፣ ሽማግሌው ሳይጠፋ ድምፁን ሁሉ መገልበጥ።

አዲሱ ማሽን ከአዲስ አበባ የመጣው ቤቱን ልንለቅ ጥቂት ቀን ሲቀረን ነው። ክቡርነታቸው ጎን ለጎን አስቀምጠው አገናኟቸው። ተገናኙ፤ ወዲያው ተለያዩ። ደግመው አገናኟቸው። አሁንም ተለያዩ። እኔና ወይዘሮ ዓለሚቱ ከኋላቸው ቆመን ነበር።

«ተጣሉ?» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

ክቡርነታቸው ሁለቱ ማሽኖች የተነጋገሩትን በስክሪኑ ላይ ከፍተው ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ በወንበራቸው ወደ እኛ ዞሩ። እንደዚያ ያለ ሐዘን ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም።

«ሽማግሌው 'ምልክት ላስገባ?' ብሎ ጠየቀው። በአግባቡ ነው የጠየቀው። ይሄኛው 'አልገባኝም' አለው። ሽማግሌው ዘጋበት።»

«ታዲያ ካልገባው ምን ይበል?» አልኩ።

«አይሆንም ይበል!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አይሆንም መልስ ነው፣ ለንሳ! ሰምቼሃለሁ፣ አልፈልግም ማለት ነው። ሽማግሌው አይሆንም ቢባል 'እሺ፣ ያለ ምልክት እንቀጥል' ብሎ ያልፍ ነበር። አልገባኝም ሲባል ግን ከማን ጋር እንደሚያወራ በምን ይወቅ?»

ሽማግሌውን ጥያቄውን ማስተው አይቻልም ነበር። ያኔ የተከለው ባለሙያ ስለ ምልክት መጠየቅን ግዴታ አድርጎ አስሮት፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም ሳይነግር ሥራ ለቆ ከሄደ ቆይቷል። መለወጥ ያለበት አዲሱ ነው። ክቡርነታቸው የመሣሪያዎቹን ዓለም አቀፍ ደንብ ፈልገው አመጡ። ደንቡ በፈረንጆቹ 2014 ሲሻሻል ምልክት ማስገባት ቀርቷል። ነገር ግን የጻፉት ሰዎች አሮጌዎቹ መጠየቃቸውን እንደማይተዉ አውቀው አንድ አንቀጽ ጨምረዋል። ስለ ምልክት የተጠየቀ ማሽን «አልቀበልም» ይበል፤ ወይም «አይሆንም» ይበል፤ «አልገባኝም» ማለት ግን ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ክቡርነታቸው አንቀጹን ቆመው አነበቡልን። ወይዘሮ ዓለሚቱ በስሕተት «አሜን» አሉ።

አዲሱን ማሽን ወደ ሸጠልን ድርጅት ተደወለ። ያነሣው ዘሩባቤል የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። ክቡርነታቸው ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርገውት ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ። «ከመጀመራችን በፊት፣ መስመሩ ቢቋረጥ መልሶ የሚደውለው ማነው?»

«እ… እኔ ልደውል።»

«ተስማማን። አሁን ወደ ጉዳዩ።» ጉዳዩን አስረዱ፤ አራት ጊዜ ያህልም ጠረጴዛውን መቱ።

«ጌታዬ፣ ምልክት የሚባለው ነገር እኮ ቀርቷል» አለ ዘሩባቤል በትሕትና። «አሁን ማንም አይጠቀምበትም።»

«መቅረቱን አውቃለሁ። ምልክት ስጡኝ አላልኩም። ማሽናችሁ ሲጠየቅ አይሆንም ይበል ነው የምለው።»

«አይሆንም እንዲል ነው የሚፈልጉት?»

«አዎ።»

«እንቢ እንዲልዎት?»

«በትክክል!»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አልገባኝም።»

ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ተነሡ። «ይኸውላችሁ! ይኸውላችሁ! ማሽኑ ከማን እንደተማረው አሁን ታወቀ!»

ዘሩባቤል ግን ጨዋ ልጅ ኖሯል። በማግሥቱ ራሱ ደወለ። አንቀጹን አንብቦታል። «ልክ ነዎት። ስሕተቱ የእኛ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ልጆች እያስተካከሉት ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ ስጡን» አለ። ጥቂት ቀን ደግሞ እኛ ጋ አልነበረም። ክቡርነታቸው ወደ አቶ ሥዩም ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ጋሽ ሥዩም፣ ጥቂት ቀን ይጨምሩልን» አሏቸው።

«እናያለን» አሉ አቶ ሥዩም።

«እናያለን ማለት አዎ ነው?»

«እናያለን አልኩ እኮ፣ ልጄ።»

«አይሆንም ማለት ነው?»

«ኧረ! እንደሱ ከአፌ አልወጣም!»

«እንግዲያው በአዎና በአይ መሐል የት ላይ ነው ያለነው? ወደየትኛው እንጠጋለን?»

አቶ ሥዩም ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ጓዳ ገቡ፤ በጓሮ በር ሲወጡ በመስኮት አየናቸው።

ሐሙስ ጠዋት አሮጌው ቤት ደረስኩ ስል ጣሪያው ላይ ሰው አየሁ። የአፍራሾቹ አለቃ ኦቦ ጃርሶ የሚባል ትከሻው ሰፊ ሰውዬ ሠራተኞቹን ይዞ ምስማር እየነቀለ ነበር። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ግቢው ላይ ተንኳኩቶ ሲወድቅ ወይዘሮ ዓለሚቱ ጆሮአቸውን ያዙ። ውስጥ ገባሁ። ክቡርነታቸው አጎንብሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። የዘሩባቤል እርማት ያን ዕለት ጠዋት ደርሶ፣ ጭነው እንደጨረሱ ነው የደረስኩት።

ኬብሉን ሰኩ። ሽማግሌው ጠየቀ። አዲሱ «አይሆንም» አለ።

እኔም ወደ ስክሪኑ አጎነበስኩ።

ሽማግሌው ቀጠለ። ድምፁ መገልበጥ ጀመረ።

ደስታዬ ወደ አፌ ሳይደርስ ሌላ ቆርቆሮ ወደቀ። ክቡርነታቸው ወደ ላይ አዩ፤ ወጡ፤ መሰላሉ ግማሽ ላይ ደርሰው አንገታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ።

«ኦቦ ጃርሶ! አካም ጅርታ!»

«ፋያ! ውረድ ኢንጂነር፣ ምስማር ዓይንህ ውስጥ ይገባል!»

«ከየትኛው ጥግ ነው የጀመራችሁት?»

«ከፈለግነው!»

«እኔ አታፍርሱ አላልኩም። ማፍረስ ይቀጥል። ከወዲያኛው ጥግ ተነሥታችሁ ወደዚህ ብትመጡ ምን ይጎዳችኋል?»

ጃርሶ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ አሰበ። «ምንም።»

«ጥሩ። ምንም ስንል ጊዜም ይጨምራል?»

«ሰውዬ…»

«የወረደውን ቆርቆሮስ የት ነው የምትደረድሩት? በዚህ መስኮት በኩል ከሆነ ደግሞ መነጋገር አለብን።»

ስንት ነጥብ እንደተነሣ አላስታውስም። ከሠራተኞቹ ሁለቱ ቁጭ ብለው ቆሎ መቆርጠም እንደጀመሩ ግን አይቻለሁ። በመጨረሻ ጃርሶ ሰማይ ሰማይ እያየ «ቶሌ! ቶሌ! በቃ ተስማምቻለሁ! ብቻ ከመሰላሌ ውረድልኝ!» ሲል ሰማሁ። ከማሽኖቹ በላይ ያሉት ቆርቆሮዎች መጨረሻ ይነሣሉ ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ላይ ያቺ የቀረችው ቁራጭ ጣሪያ፣ ከእሷ ሥር ሽማግሌውና አዲሱ፣ ከነሱ አጠገብ ክቡርነታቸው ቀሩ። ሌላው ቤት ጣሪያው ሰማይ ብቻ ሆኗል። ያኔ ነው የግንቦት ዝናብ እንደ ተደፋ ውኃ የመጣው።

ሁሉም ወደዚያች ቁራጭ ሥር ሮጠ። ወይዘሮ ዓለሚቱና እኔ ላስቲክ ወጥረን ማሽኖቹን ከለልን። ጃርሶና ሰዎቹ ከነመዶሻቸው ገቡ። ክቡርነታቸው ኮታቸውን አውልቀው ሽማግሌውን አልብሰው በሸሚዝ ቆሙ፤ ጀርባቸው ወደ ውጭ ስለነበር ውኃው በአንገታቸው ይገባል፤ አልተንቀሳቀሱም። ትንሽ ቆይቶ አቶ ሥዩም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨፍልቀው ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ይህ ቆርቆሮ ለምንድነው ያልተነሣው?» ብለው ጮኹ ገና ከመግባታቸው።

«ጋሽ ሥዩም፣ ይነሣ ካሉ ይነሣል» አሉ ክቡርነታቸው በእርጋታ። «ኦቦ ጃርሶም እዚሁ አለ። አሁኑኑ ይነሣ?»

አቶ ሥዩም ዝናቡን አዩ። ራሳቸው የቆሙበትን አዩ። «እናያለን» አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ክቡርነታቸው በዚህ መልስ ማብራሪያ አልጠየቁም።

የተገለበጠው ደኅና መሆኑን ለማወቅ ከአዲሱ ማሽን አንድ ድምፅ ተከፈተ። የመጣችው የእንጭኒዋ ኡርጌ ነበረች። ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ በግ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ፣ በጉን ሽጦ፣ ያንኑ በግ መልሶ ገዝቶ የመጣበትን ቀን በኦሮምኛ ታወራለች። መጀመሪያ የጃርሶ ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ጃርሶ ሳቀ፤ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ላስቲኩን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው። ኡርጌ ባሏን «በጉ እንኳ ቤቱን ለይቶ ሲያውቅ…» ስትል አቶ ሥዩም ሆዳቸውን ይዘው አጎነበሱ።

«አውቃታለሁ እኮ!» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «ለእናቴ ቅቤ ታመጣ ነበር። በዚህ በር ነበር የምትገባው።» የበሩን ቦታ ፈለጉት። በሩ የለም፤ ተነቅሏል። «አለች?»

«ሞታለች፣ ጋሽ ሥዩም» አልኳቸው።

አቶ ሥዩም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ወደ ጃርሶ ዞረው «ዛሬ ይብቃችሁ። የቀረውን ነገ ታወርዳላችሁ» አሉ። እኔ በማውቃቸው ዘመን ሁሉ እንደዚህ ቁርጥ ያለ ነገር ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ድምፁ ሁሉ ተገልብጦ አለቀ። ክቡርነታቸው ሽማግሌውን ራሳቸው አጠፉት። ጥቂት ቆይተው እንደገና ቁልፉን ተጫኑ። ምንም የለም። መዳፋቸውን ላዩ ላይ አድርገው፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቆሙ። እኔም አዲሱን ማሽን ለማሸግ ክር የምፈልግ መስዬ ወጣሁላቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። ዘሩባቤል ስለ ክቡርነታቸው ለአለቆቹ ነግሯቸው ኖሮ፣ አዲስ አበባ መጥተው ይሥሩልን አሉ። ደህና ቦታ ነው። ወሬው ጣቢያችን ሲደርስ ያልጠበቅነው ነፃነት እንደታወጀልን ቆጠርነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ስብሰባ ከእንግዲህ በግማሽ ሰዓት እንደሚያልቅ በሹክሹክታ ነገሩን። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ጥብስ በሰላም ማዘዝ ናፍቋታል። እኔም ከሌላው ጋር አብሬ ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም። ለስንብቱ በግ ተገዛ፤ ጋቢ ተገዛ፤ ንግግር እንዳደርግም ተመረጥኩ።

ንግግሩን ስጽፍ ሰነበትኩ። ጽፌ ስሰርዝ፣ ስሰርዝ ስጽፍ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ቤት ያሉት «ምን ሆነሻል? ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ።

ቅዳሜ በአዲሱ ቢሮ ግቢ ተሰበሰብን። በጉ ታርዷል፤ ሥጋው ምጣድ ላይ ይንጫጫል። ተሰናባቹ ዘግይተው መጡ። ጋቢው ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አዩት፤ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

«ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልናገር» አሉ።

«ጀመረ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ በዝቅታ።

«ውሉን ሳነብ የሥራ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ 'እና ሌሎች ተያያዥ ሥራዎች' የሚል አገኘሁ። ደወልኩላቸው። ሌሎች ሲባል ስንት ናቸው አልኳቸው። ያው የተለመደ አጻጻፍ ነው አሉኝ። ተያያዥ ሲባልስ ከምን ጋር ነው የተያያዙት አልኳቸው። እንደዚህ እንደዚህ እያልን ሳምንቱን ሙሉ ስንነጋገር ከረምን።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትናንት ሌላ ሰው ቀጥረዋል።»

ከምጣዱ በቀር የሚናገር አልነበረም። ክቡርነታቸው ጫማቸውን እያዩ «በጉን አስቀድማችሁ ማረዳችሁ አጉል ሆነ» አሉ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ተነሡ። ጋቢውን ብድግ አድርገው ዘረጉና በተሰናባቹ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላቸው። ክቡርነታቸው የጋቢውን ጫፍ ይዘው አንድ ነገር ሊጠይቁ ሲሉ ተዉትና ተጎናጸፉት።

ከተቀመጡት ሴቶች መካከል አንዲቷ እልል ያለችው በዚህ ጊዜ ነው። ማን እንደሆነች እስካሁን አልተጣራም። ድምፁ እኔ ከተቀመጥኩበት አካባቢ እንደመጣ የሚናገሩ ሰዎች ግን አሉ።